ሙቀት፣ የሙቀት መጠንና ግለት፦ ስታቲስቲካል ሜካኒክስን በራስ ቋንቋ ስለ መረዳት

መግቢያ

በፊዚክስ የሁለተኛ ዲግሪ መርሐ ግብር ውስጥ ተማሪዎች ከሚፈሯቸው ኮርሶች አንዱ ስታቲስቲካል ሜካኒክስ ነው። እርሱን ተከትሎ የሚመጣው የኮንደንስድ ማተር ፊዚክስ፣ ማለትም የጠጣርና የፈሳሽ ቁሶችን ባሕርይ የሚመረምረው ዘርፍ፣ የመጀመሪያውን በሚገባ ላልጨበጠ ተማሪ በሩን አይከፍትም። ለችግሩ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት የሒሳቡ ክብደት ነው። በእርግጥ ሒሳቡ ቀላል አይደለም። ሆኖም ቀመሩን ከመነሻው እስከ መድረሻው አስተካክሎ ያወጣ ተማሪ «ለመሆኑ ያገኘኸው ነገር ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ዝም የሚልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ይህ ጽሑፍ የዚያን ዝምታ ምንጭ በአንድ ቃል በኩል ለማየት ይሞክራል። ቃሉ በእንግሊዝኛ «ቴምፕሬቸር»፣ በአማርኛ ደግሞ በተለምዶ «የሙቀት መጠን» የሚባለው ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ለማሳያነት የሚቀርበው የአንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ጉዞ ነው። ተማሪው በትውልድ ከተማው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለአራት ዓመታት ፊዚክስ ያስተማረ፣ ዲግሪውን ሲጨርስም ወደዚያው ክፍል የሚመለስ መምህር ነው። ስለዚህ ለእርሱ ኮርሱን ማለፍና ኮርሱን መረዳት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ነበሩ። ለማለፍ ቀመሩ ይበቃዋል። ተመልሶ በሰሌዳው ፊት ሲቆም ግን ቀመሩን በእንግሊዝኛ ጽፎ ትርጉሙን በአማርኛ ማስረዳት ይጠበቅበታል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሰጣል ቢባልም፣ በእርሱ ክፍል ተማሪው ያልገባውን የሚጠይቀው፣ እርሱም የሚመልሰው በአማርኛ ነበር። በዚያ ሰዓት በእጁ ያለው መሣሪያ ቃል ብቻ ነው።

አንድ ቃል፣ ሁለት ነገር

«ሙቀት» በአማርኛ ሰፊ ቃል ነው። «የዛሬው ሙቀት አያስቀምጥም» ሲባል የአየሩ ሁኔታ ይገለጻል፤ «ሙቀቱ ከእሳቱ ወደ ብረቱ ተላለፈ» ሲባል ደግሞ ከአንድ አካል ወደ ሌላው የሚሻገር ኢነርጂ ይገለጻል። ፊዚክስ እነዚህን ሁለቱን አጥብቆ ይለያያል። የመማሪያ መጻሕፍትና የአየር ትንበያው ልዩነቱን ለማሳየት «መጠን» የሚል ቃል ጨምረው «የሙቀት መጠን» አሉ። ነገር ግን ስያሜው እንደ ቃሉ ሲነበብ «ሙቀቱ ስንት ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይመስላል፤ ቴምፕሬቸር ያልሆነው ደግሞ በትክክል ይኸው ነው። መጠን የሆነ ነገር ይደመራል። ሁለት ሊትር ውኃ በሁለት ሊትር ላይ ሲገለበጥ አራት ሊትር ይሆናል። 20 ዲግሪ የሆነ ውኃ 20 ዲግሪ በሆነ ውኃ ላይ ሲገለበጥ ግን 40 ዲግሪ አይሆንም። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ ይህን ስም ያወጣው ግን መልአክ አይመስልም።

ተማሪው በመምህርነት ዘመኑ ከአንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ የቀረበለትን ጥያቄ ይዞ ነው ወደ ዩኒቨርሲቲ የመጣው። ጥያቄዋ «ጋሽ፣ ውኃው መፍላት ከጀመረ በኋላ ቴርሞሜትሩ ንቅንቅ አይልም፤ እሳቱ ግን እየነደደ ነው። ታዲያ የሚገባው ሙቀት የት ይደርሳል?» የሚል ነበር። መጽሐፉ የሚሰጠውን መልስ ሰጥቷታል፤ ሙቀቱ ፈሳሹን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ይውላል። መልሱ ትክክል ነው። ሆኖም ልጅቷ ፊቷ አልበራም። ምክንያቱን ለመረዳት ቁጥሮቹን ማየት ይጠቅማል። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ በምትገኘው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ በመሆኑ ውኃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። አንድ ሊትር ውኃን ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እስከዚያ ለማድረስ ወደ 300 ኪሎ ጁል የሚጠጋ ኢነርጂ ይበቃል። የፈላውን ውኃ ሙሉ በሙሉ ለማትነን ግን ወደ 2,280 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል፤ ይኸውም ከሰባት እጥፍ በላይ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ሙቀት የገባው «የሙቀት መጠኑ» ባለበት ቆሞ ሳለ መሆኑ ነው። ስያሜውን እንደ ቃሉ የተረዳ ልጅ ይህን ሰምቶ ቢደናገር የሚፈረድበት አይደለም።

ገበጣና ቆጠራ

ስታቲስቲካል ሜካኒክስ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የሚጀምረው ከቆጠራ ነው። ሐሳቡን ያጸናው ኦስትሪያዊው ሉድቪግ ቦልትዝማን ሲሆን፣ ቪየና በሚገኘው መቃብሩ ላይ ኢንትሮፒን ከአደራደር ብዛት ጋር የሚያገናኘው ቀመር ተቀርጿል። ኢንትሮፒ የምንለው አንድ አካል በውጭ ሲታይ ሳይለወጥ፣ በውስጡ ያሉት ቅንጣቶች ሊደረደሩባቸው የሚችሉ መንገዶች ብዛት ሎጋሪዝም ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር በቃል ሊያዝ ይችላል። በእጅ ካልተቆጠረ ግን ባዶ ሆኖ ይቀራል።

ተማሪው የቆጠረው በገበጣ ነው። ከገበጣው ላይ ስድስት ጉድጓዶችን ወስዶ ሁለቱን ለአንድ ወገን፣ አራቱን ለሌላው ወገን መደበ፤ ስድስት ፍሬዎችንም በመካከላቸው እንዲከፋፈሉ አደረገ። ጉድጓዶቹ አቶሞች፣ ፍሬዎቹ ደግሞ የማይከፈሉ የኢነርጂ እንክብሎች ናቸው። ፍሬዎቹ እርስ በርስ አይለዩም፤ የሚቆጠረው በየጉድጓዱ ስንት ስንት እንዳለ ብቻ ነው። በስድስቱ ጉድጓዶች ስድስት ፍሬ የሚቀመጥባቸው መንገዶች በድምሩ 462 ናቸው። ጥያቄው ከእነዚህ ውስጥ ስንቶቹ ለትንሹ ወገን ስንት ፍሬ ይሰጣሉ የሚል ነው። ትንሹ ወገን ምንም ሳይኖረው 84፣ አንድ ፍሬ ይዞ 112፣ ሁለት ይዞ 105፣ ሦስት ይዞ 80፣ አራት ይዞ 50፣ አምስት ይዞ 24፣ ስድስቱንም ይዞ 7 መንገዶች ይገኛሉ።

ከዚህ ሠንጠረዥ ሁለት ነገሮች ይወጣሉ። የመጀመሪያው፣ ሁለቱ ወገኖች እኩል ሦስት ሦስት ፍሬ መያዛቸው ከሁሉ የሚጠበቀው ክፍፍል አለመሆኑ ነው። ሁለት አካላት ተነካክተው ሚዛን ላይ ሲደርሱ እኩል የሚሆነው የያዙት ኢነርጂ ቢሆን ኖሮ ከፍተኛው ቁጥር 80 መሆን ነበረበት። ሁለተኛው፣ ፍሬን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግር ምንም ዓይነት የተደበቀ ግፊት አለመኖሩ ነው። ሦስት ሦስት ከያዙበት ሁኔታ አንድ ፍሬ ከትንሹ ወደ ትልቁ ቢሻገር የትንሹ አደራደር ከ4 ወደ 3 ይወርዳል፤ የትልቁ ግን ከ20 ወደ 35 ያድጋል። የአንዱ ጥቅም የሌላውን ጉዳት ስለሚበልጥ ሽግግሩ ይሆናል። ጥቅሙና ጉዳቱ የሚተካከሉበት ቦታ ሲደረስ ደግሞ ይቆማል። በስድስት ፍሬ ይህ ዝንባሌ ብቻ ነው። በአንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ግን ከ6 ሚሊዮን ቢሊዮን ቢሊዮን የሚበልጡ ሞለኪውሎች ስላሉ ዝንባሌው ከሕግ የማይለይ እርግጠኝነት ይሆናል።

እኩል የሚሆነው እንግዲህ መጠን አይደለም፤ አንድ ተጨማሪ የኢነርጂ እንክብል የሚያስገኘው የአደራደር ጭማሪ ነው። ቴምፕሬቸር የዚህ ግልባጭ ነው። ተማሪው ይህን በማስታወሻ ደብተሩ ላይ በገበያ ቋንቋ እንዲህ አሰፈረው፦ ቴምፕሬቸር ማለት አንድ አሃድ ኢንትሮፒ ለመግዛት የሚከፈለው የኢነርጂ ዋጋ ነው። ትኩስ አካል ዘንድ ዋጋው ውድ ነው፤ ብዙ ኢነርጂ ቢሰጥም ከኢንትሮፒው የሚያጣው ጥቂት ነው። ቀዝቃዛ አካል ዘንድ ዋጋው ርካሽ ነው፤ በጥቂት ኢነርጂ ብዙ ኢንትሮፒ ያገኛል። ሙቀት ከትኩስ ወደ ቀዝቃዛ የሚፈስበት ምክንያት ይኸው ነው። ዋጋ ደግሞ አይደመርም። የሁለት ነጋዴዎች ጤፍ በአንድ ላይ ቢከመር ክምሩ ያድጋል እንጂ የኪሎው ዋጋ በእጥፍ አይጨምርም።

የልጅቷ ጥያቄም ከዚህ በኋላ ሌላ መልስ አገኘ። አንድ ሊትር ውኃ በአዲስ አበባ አየር ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከሁለት ሺህ ሊትር በላይ የሆነ ቦታ ይይዛል። ተቃቅፈው የነበሩት ሞለኪውሎች ይለያያሉ፤ ሊገኙባቸው የሚችሉ ቦታዎችም እጅግ ይበዛሉ። የሚገባው ኢነርጂ ሁሉ ይህን ግዙፍ የአደራደር ጭማሪ በአንድ ወጥ ዋጋ ይገዛል። ግዢው ብዙ ነው፤ ዋጋው ግን አልተለወጠም። ቴርሞሜትሩ የሚያነበው ዋጋውን ስለሆነ አይንቀሳቀስም።

ምጣዱና እንጨቱ

ከዚህ ደረጃ ሲደርስ የተማሪው ችግር ፊዚክስ መሆኑ ቀርቶ ቋንቋ ሆነ። «ዋጋ» ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ስያሜ ግን ሊሆን አይችልም። በዕረፍት ወደ ቤተሰቡ በሄደበት ጊዜ እናቱ ምጣድ ጥደው ጎመን ዘር እያሰሱ ሳለ አንድ ነገር ጠየቃቸው፤ «እማዬ፣ ከትልቁና ከትንሹ ምጣድ የበለጠ የሚግለው የትኛው ነው?» እናቱ ቀና ሳይሉ መለሱ፤ «ከጋሉ ሁለቱም ያው ናቸው፤ ትልቁ ግን እንጨት ይፈጃል፣ ልጄ።»

ይህ መልስ አንድ ሴሚስተር የፈጀበትን ልዩነት በአንድ ትንፋሽ ይይዛል። እንጨቱ የሚለካው በብዛት ነው፤ ይጨመራል፣ ይቀነሳል፣ ትልቅ ምጣድ ብዙ ይበላዋል። መጋል ግን ሁኔታ ነው፤ ምጣዱ ትንሽም ሆነ ትልቅ፣ ካልጋለ እንጀራው ዐይን አያወጣም፤ ከመጠን በላይ ከጋለም ያራል። እንጀራ ጋጋሪ «ምጣዱ ስንት ሙቀት አለው?» ብላ አትጠይቅም፤ «ጋለ ወይ?» ትላለች እንጂ። አማርኛው ልዩነቱን አላጣውም ነበር። ልዩነቱን የሸፈነው «የሙቀት መጠን» የሚለው የመጽሐፍ ቃል ነው። ተማሪው ከዚያ ወዲህ በደብተሩ ለቴምፕሬቸር «ግለት» የሚለውን፣ ለሚሻገረው ኢነርጂ «ሙቀት» የሚለውን መጠቀም ጀመረ። ስለ በረዶ ግለት መናገር ለጆሮ እንግዳ ነው፤ ምርጫውም ፍጹም አይደለም። ዳሩ ግን ስሙ ራሱ የተሳሳተ ጥያቄ አያስጠይቅም።

ይህን ስንል እንግሊዝኛው የጠራ ነው ማለታችን አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጆሴፍ ብላክ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በበረዶና በፈላ ውኃ ሲመራመር የሙቀትን ብዛትና የሙቀትን ብርታት ለያይቶ ማየት እንደሚገባ ባያስተምር ኖሮ አውሮፓውያኑም ሁለቱን አደባልቀው በቆዩ ነበር። ሙቀት በዕቃ ውስጥ የሚጠራቀም ፈሳሽ ነው የሚለው የዚያ ዘመን እምነት ዛሬም «ሙቀት የመያዝ አቅም» በሚለው የፊዚክስ ስያሜ ውስጥ ይኖራል። እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ ቅሪት አለው። የሚያስፈልገው ቅሪቱን ማወቅ ነው።

የመዳብ ፈተና

የቃሉ ጥራት በእውነት የተፈተነው በኮንደንስድ ማተር ኮርስ ነው። ፈረንሳውያኑ ዱሎንግና ፔቲ በ1819 እንዳመለከቱት የብዙ ጠጣር ንጥረ ነገሮች አንድ ሞል በአንድ ዲግሪ ለመጋል ወደ 25 ጁል የሚጠጋ ኢነርጂ ይፈልጋል። መዳብም በክፍል ሙቀት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ቁጥሩ አቶሞቹ በየቦታቸው ከመርገብገባቸው ብቻ ይገኛል። አስገራሚው ነገር ግን በመዳብ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ፣ በአቶም አንድ የሚሆኑ ነጻ ኤሌክትሮኖች መኖራቸው ነው። እነርሱ እንደ ተራ ጋዝ ቢሆኑ ኖሮ በ25ቱ ላይ ሌላ 12.5 ጁል መጨመር ነበረባቸው። የሚጨምሩት ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ፖል ድሩዴ በ1900 ያቀረበው የብረታ ብረት ንድፈ ሐሳብ ይህን መመለስ አልቻለም።

መልሱ የመጣው ከፓውሊ ሕግና አርኖልድ ዞመርፌልድ በ1920ዎቹ መጨረሻ ካደረገው ስሌት ነው። ወደ ገበጣው ብንመለስ፣ የኤሌክትሮኖች ገበጣ እንደ ደረጃ ወደ ላይ የሚወጣ ሲሆን አንድ ጉድጓድ ከአንድ ፍሬ በላይ አይቀበልም። ፍሬዎቹ ከታች ጀምረው ይሞላሉ። የታችኛው ጉድጓድ ያለው ኤሌክትሮን ትንሽ ኢነርጂ ቢሰጠው የሚሄድበት የለም፤ ከላዩ ያለው ሁሉ ተይዟል። መንቀሳቀስ የሚችሉት ከጫፍ ያሉት ጥቂቶች ብቻ ናቸው። በመዳብ ውስጥ የጫፉ ከፍታ ወደ ግለት ሲመነዘር 80,000 ኬልቪን ገደማ ይሆናል፤ የክፍላችን ግለት ግን 300 ኬልቪን አካባቢ ነው።

በእጃችን የያዝነው የመዳብ ሽቦ ውስጥ ያሉት ፈጣን ኤሌክትሮኖች በሰከንድ ወደ 1,500 ኪሎ ሜትር እየተጓዙ፣ ሽቦው እጅ አያቃጥልም። ግለቱ ወደ ዜሮ ኬልቪን ቢወርድ እንኳ ይህ ኢነርጂ አይጠፋም። ቴምፕሬቸርን «የውስጥ ኢነርጂ ብዛት» አድርጎ የያዘ ተማሪ እዚህ ላይ መንገዱ ይዘጋበታል። ዋጋ አድርጎ የያዘው ግን ያልፋል፤ ኤሌክትሮኖቹ ብዙ ኢነርጂ አላቸው፣ ነገር ግን የሚለዋወጡት አደራደር የላቸውም።

ከዜሮ በታች የሆነው ትኩስ

የመጨረሻው ምሳሌ ለጆሮ ከሁሉም ይከብዳል። አራት ማግኔታዊ መርፌዎች ይታሰቡ፤ እያንዳንዱ ወደ ታች ሲያመለክት ኢነርጂ የለውም፣ ወደ ላይ ሲያመለክት አንድ እንክብል ይይዛል። ምንም እንክብል ሳይኖር አደራደሩ 1፣ በአንድ እንክብል 4፣ በሁለት 6፣ በሦስት 4፣ በአራት 1 ነው። እስከ መካከሉ ድረስ ኢነርጂ ሲጨመር አደራደር ይበዛል። ከመካከሉ ካለፈ በኋላ ግን ኢነርጂ ሲጨመር አደራደር ያንሳል። ዋጋው ምልክቱን ቀየረ ማለት ነው፤ የኬልቪን ግለቱም ኔጋቲቭ ይሆናል። እንዲህ ያለ አካል ኢነርጂ በመስጠት ራሱ ስለሚጠቀም ለማንኛውም ፖዘቲቭ ግለት ላለው አካል ይሰጣል፤ ስለዚህ ከሁሉም የጋለ ነው። ኤድዋርድ ፐርሰልና ሮበርት ፓውንድ በ1951 የሊቲየም ፍሎራይድ ክሪስታል ውስጥ ያሉትን ኑክሌሳዊ ማግኔቶች መግነጢሳዊ መስኩን በፍጥነት በመገልበጥ በዚህ ሁኔታ ለደቂቃዎች ማቆየት ችለዋል።

«ኔጋቲቭ የሙቀት መጠን» በአማርኛ ሲነበብ ከምንም ያነሰ ሙቀት ይመስላል፤ ያ ደግሞ ትርጉም የለውም። ተማሪው ግን መርፌዎቹን በወረቀት ላይ ቆጥሮ ስለነበር ይህ ለእርሱ እንቆቅልሽ አልሆነም። ዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓትም ከ2019 ጀምሮ ኬልቪንን የሚተረጉመው ቀድሞ እንደነበረው በውኃ ባሕርይ ሳይሆን የቦልትዝማን ቋሚ ቁጥርን በመወሰን ነው። ግለት በኢነርጂና በቆጠራ መካከል ያለ ምንዛሪ መሆኑ በመለኪያው ሕግ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ጉዞ የሚወሰደው ትምህርት ለሁሉም ቃል የአማርኛ አቻ ይፈለግ የሚል አይደለም። ኢንትሮፒ ኢንትሮፒ ተብሎ ቢቀር የሚጎዳው የለም፤ ባዕድ ስለሆነ ተማሪው ትርጉሙን ለመጠየቅ ይገደዳል። አደገኛው ቃል የሚታወቅ የሚመስለው ነው። «የሙቀት መጠን» ማንንም አያስጠይቅም፤ ስለዚህ ለዓመታት ሳይመረመር ከ7ኛ ክፍል እስከ ድኅረ ምረቃ ሊሻገር ይችላል።

ተማሪው የተከተለው መንገድ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ አዲስ ጽንሰ ሐሳብ ከቀመሩ ጎን አቻ ቃል ሳይሆን አንድ ሙሉ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። ዓረፍተ ነገሩ ፊዚክስ ላልተማረ ሰው ሲነበብ ሐሰት ወይም ባዶ ከሆነ ወደ ቀመሩ ተመልሶ በትንሽ ቁጥር ይቆጥራል። ሥራው ጊዜ ይወስዳል፤ ለፈተና ውጤት የሚጨምረውም ብዙ አይደለም። በመጀመሪያው ሴሚስተር ወደ ሌላ ሙያ ለመዞር አስቦ የነበረው ይህ መምህር ግን ለመቆየት የወሰነው በቀመሮቹ ሳይሆን በእነዚያ ዓረፍተ ነገሮች ምክንያት ነው።

በመጪው ዓመት ለ11ኛ ክፍል ያዘጋጀው የመጀመሪያ ትምህርት ትርጉም አይሰጥም። ስድስት ጉድጓድና ስድስት ፍሬ ይሰጣል፤ ከዚያም «ቁጠሩ» ይላል።